ቀለህ የሚሞላ ባሩድ

ዴልበርት ክራውስ ዕድሜውን ሙሉ የገዛው አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ነው። በዚያች የሞንታና የወንዝ ዳር ከተማ ሰው መኪና ይለውጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይለውጣል፣ ሚስት የለወጠም አይጠፋም፤ ዴልበርት ግን ባሩድ አልለወጠም። ደቃቅ፣ ጥቁር፣ ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ ነው። ለአንዲት የሽጉጥ ጥይት ቁንጥር ታህል ቀለሁ ግርጌ ከገባች ይበቃል። አንድ ጣሳ ከተገዛ የበረዶውን ወራት ሙሉ ያስተኩሳል። ዴልበርት ደግሞ ቆጣቢ ነው፤ ሚስቱ ስትቆጣ ቆጣቢ አትለውም፣ ሌላ ስም ታወጣለታለች። አረሩን የሚያቀልጠው ሲሠራበት ከኖረው ጎማ ቤት ለቃቅሞ ካከማቸው የጎማ ባላንስ እርሳስ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ከተኩስ ቤቱ ወለል ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። አረሩን የሚቀባበትን ሰም እንኳ ንብ ከሚያረባ ጎረቤቱ በድንች ለውጦ ነው የሚያመጣው። እንዲህ ያለ ሰው በባሩድ ላይ እጁን እንዲፈታ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ፈጣን ባሩድ ለእርሳስ አረር ይስማማል። ሽጉጡን አያንገጫግጭም፤ የአረሩን ቂጥ አቅልጦ አፈሙዙን በእርሳስ አይለስንም፤ ዒላማ ላይም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ክፋቱ አንድ ነው። እሱና ጓደኞቹ የሚተኩሱበት ሽጉጥ ቀለህ መጀመሪያ የተሠራው በአያቶቻቸው ዘመን፣ ጭሳሙ ባሩድ እስከ አፉ በሚጠቀጠቅበት ጊዜ ስለነበር ሆዱ ሰፊ ነው። ያቺ ቁንጥር ባሩድ ግርጌው ላይ ስትተኛ ያለች አትመስልም። ሰው ሐሳቡ ሸርተት ብሎ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢሰፍርለት፣ ያም ሆኖ ግማሽ አይሞላም። አረሩ በላዩ ደህና ሆኖ ይቀመጣል፣ ጥይቱም ከጓደኞቹ ጋር ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። ጉዱ የሚታወቀው ተኳሹ እጅ ላይ ሽጉጡ ሲፈነዳ ነው።

ለዚህ ነው አርዲስ ያስፈለገችው። እንደተጋቡ፣ ገና ተጎታች ቤት ውስጥ ሲኖሩ፣ ዴልበርት የሚሠራው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ቀን አርዲስ ሳህን እያደረቀች በትከሻው በኩል አጎንብሳ አየችና፣ «ይቺኛዋ ከእህቶቿ ይበልጥ አልጠገበችም?» አለች። እውነትም ሁለት ጊዜ የተሰፈረች ነበረች። አርዲስ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ የምትውል፣ ዓይኗ የማይስት ሴት ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንበር ስባ በግራው ትቀመጣለች። እሱ ባለ ቀዳዳው ገበታ ላይ የተደረደሩትን ቀለሆች በመስፈሪያው አንድ ባንድ ያጎርሳል። ሲጨርስ እሷ የእጅ ባትሪዋን አብርታ በየተራ ወደ ውስጣቸው ታያለች። አንዱን መስመር ስትጨርስ «ደህና» ትላለች። ሁሉም «ደህና» እስኪባሉ ዴልበርት አረር አይነካም። በዚያ ሰዓት ሬዲዮ አይከፈትም፣ ወሬ የለም፣ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ ባሩድ አይቀመጥም። ልጅ አልወለዱም። ብዙ ምሽታቸውን ያሳለፉት እንዲህ፣ ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው ነው።

የሐሙስ ተኳሾች ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ሐሙስ ሐሙስ የድሮው ቅቤ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ እየተሰበሰቡ ወረቀት የሚበሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዒላማ ከሚመቱበት ሰዓት ስለ ጉልበታቸው የሚያወሩበት ይበልጣል። ከእነሱ ውስጥ የዴልበርትን ጥይት ያልተኮሰ የለም። አርዲስ ያየችው ጥይት ነው ከተባለ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም።

አርዲስ መርሳት የጀመረችው ካቻምና ነው። መጀመሪያ የቼሪ ፓይ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ ሳቁ። ቀጥሎ ለሞተች እህቷ ስልክ ካልደወልኩ አለች፤ ያኔ አልሳቁም። ትልቁ ከተማ ያለው ሐኪም የበሽታውን ስም ነግሯቸው ተመለሱ። ዴልበርት ያንን ስም ለማንም አልነገረም። ለምን እንዳልነገረ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም፤ ያልተነገረ ነገር ቤት ውስጥ ብቻ የሚቀር መስሎት ነው መሰል። ቤተ ክርስቲያን ሲቀሩ «አርዲስ ጉንፋን ይዟት ነው» ይላል። እራት ሲጋበዙ አሁንም ጉንፋን ነው። ቤት ውስጥ ግን ምግብ የሚያበስለው እሱ፣ የሚያጥበው እሱ፣ ሌሊት በር ከፍታ ስትወጣ ተከትሎ የሚመልሳት እሱ ነው። ቢተኛም የማይሻለው ዓይነት ድካም ነበር የደከመው። ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ፣ ለምን እንደጎነበሰ ጠፍቶት እዚያው የሚቆይበት ቀን አለ።

አንድ ነገር ብቻ አልተነካም። ገበታውን ሲያወጣ አርዲስ ሳትጠራ ትመጣለች። ወንበሯን ትስባለች፣ ባትሪዋን ታነሳለች፣ ታያለች፣ «ደህና» ትላለች። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ማን ነህ ብላ አትጠይቀውም። ያቺ አንድ ሰዓት ለዴልበርት ሚስቱን የሚመልስለት ሰዓት ነበረች። ስለዚህም ስለዚያ ሰዓት ብዙ ማሰብ አልፈለገም።

በየካቲት ወር አንድ ረቡዕ ከሰዓት በፊት፣ ታጥበው የደረቁትን ባዶ ቀለሆች ገበታው ላይ ደርድሮ ባሩዱን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። ጣሳውን ይዞ ሲመለስ አርዲስ ተቀምጣ፣ ባትሪዋን አብርታ፣ መስመር በመስመር እያለፈች ነው።

«ደህና… ደህና… ደህና።»

ዴልበርት በሩ ላይ ቆመ። ቀለሆቹ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«አርዲስ» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ይታይሻል?»

«ባሩድ ነዋ! ምን እንዲታየኝ ፈልገህ ነው?» ቀና ብላ ፈገግ አለችለት። «ቆመህ አትየኝ፤ አረሩን አምጣ። ሁሉም ደህና ናቸው።»

 ጣሳውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣበት ሐዘን አልነበረም፤ ቨርሊን ነው የመጣበት። ቨርሊን ታገርት የልጅነት ጓደኛው ነው። በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ያለፈው ሳምንት ዴልበርት አንድ ሣጥን ጥይት ሠርቶለት ነበር። በዚያ ቀን፣ ገና ባሩዱን እየሰፈረ ሳለ ስልክ ጮኸ፤ ከፋርማሲው ነበር፤ የአርዲስ መድኃኒት መጥቷል ለማለት። ሲመለስ አርዲስ ጠረጴዛውን በጨርቅ ወልውላዋለች። ለመወልወል ደግሞ ገበታውን አንስታለች። መልሳ ስታስቀምጠው በዚያው ፊት ይሁን አዙራው ይሁን አላወቀም፤ ደክሞት ስለነበር አልጠየቀም። የደረስኩት እዚህ ነው ብሎ ከገመተበት ቀጠለ። ሲጨርሱ አርዲስ «ደህና» አለች። ያ ሣጥን አሁን ቨርሊን ቤት ነው፣ ነገ ደግሞ ሐሙስ ነው። ቨርሊን የሚተኩሰው በአባቱ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ሽጉጡ በዕድሜ ከሁለቱም ሽማግሌዎች ይበልጣል፤ በቀኝ እጁ ይዞ፣ ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርጎ።

ዴልበርት መጀመሪያ የፈለገው ማንንም ሳያስቸግር የሚገላገልበትን መንገድ ነው። በዚያው ቀን ከተሠሩት ጥይቶች ጥቂቶቹ እሱ ዘንድ ቀርተው ነበር። ሚዛኑን አወጣና አንድ ባንድ መዘናቸው። ሁለት ጊዜ የተሰፈረችዋ ከበደች ማለት እሷን ለይቶ ማውጣት ነው፤ ቨርሊን ጋ ሄዶም ሚዛኔን ልፈትሽበት ብሎ ሣጥኑን ለአምስት ደቂቃ መቀበል ይቻላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ሁለቱ ጥይቶች ሁለት ዓይነት መዘኑ፣ ሦስተኛው ሌላ፣ አራተኛው ሌላ። ፋብሪካ የሠራው አረር ቢሆን ሁሉም እኩል ይሆኑ ነበር። የእሱ አረር ግን ከጎማ ቤት እርሳስ የቀለጠ ነው፤ አንዱ ቆርቆሮ በዝቶበት ይቀላል፣ ሌላው ሆዱ ውስጥ አየር ቋጥሯል። በአረርና በአረር መካከል ያለው ልዩነት ከዚያች ቁንጥር ባሩድ ይበልጣል። ሚዛኑ ላይ አፍጥጦ ቆየና አጠፋው። የገዛ ቆጣቢነቱ ነው በሩን የዘጋበት።

የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ጥይቶቹን ሁሉ መፍታት። ለዚያ ሣጥኑን መልስልኝ ማለት አለ። መልስልኝ ካለ ለምን የሚል ጥያቄ ይመጣል።

አርዲስን ወፍራሙን ካፖርት አለበሳት፣ ኮፍያዋን አገጯ ሥር አሰረላት፣ ፒክአፑ ላይ አሳፈራት። ብቻዋን ትቷት መሄድ ካቆመ ቆይቷል። እሷ መኪና መሳፈር ትወዳለች፤ መንገዱን ሁሉ የአጥር ችካል ስትቆጥር ሄደች። እሱ ደግሞ ውሸቱን እያጠና ሄደ። ቨርሊን ጋራዥ ፊት ለፊት ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ፣ ሬዲዮውን ከፍቶላት ወረደ።

ቨርሊን የሣር ማጨጃ ሞተር ፈትቶ በቅባት ተጨማልቋል።

«ሽማግሌው! ሐሙስ ሳይደርስ ምን እግር ጣለህ? ቤት ውስጥ የሚጨቀጨቅ ሰው ጠፋ?»

«ያቺን ሣጥን ጥይት ፈልጌ ነው።»

«የትኛዋን? የሰጠኸኝን? ወይ ጉድ! ሰጥቶ መንሳት ጀመርክ ደግሞ።»

«የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ሳትበላሽ አልቀረችም። የገዛኋት እሽግ እርጥበት ነክቷታል መሰለኝ፤ አንዳንዷ ትከሽፍብሃለች።»

ቨርሊን እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየው። «ትናንት ግማሹን ተኩሻለሁ። አንዷም አልከሸፈችም። ዴል፣ ውሸት በልጅነት ነው የሚለመደው፤ አንተ አሁን ብትጀምር አይሆንልህም። ምንድን ነው?»

ዴልበርት ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «ሁለት ጊዜ የሰፈርኩባት ጥይት ያለች ይመስለኛል።»

ቨርሊን ጨርቁን አስቀመጠ። ገብቶ ሣጥኑን አመጣ፤ ያቺን ጥይት መፍቻ የምትባለውን ባዶ ሆድ የፕላስቲክ መዶሻም አመጣ። ጥይቷን መዶሻው ራስ ውስጥ ነክሰው ግንድ ላይ ይመቷታል፤ አረሩና ባሩዱ ከቀለሁ ተፈናጥረው መዶሻው ሆድ ውስጥ ይወድቃሉ። ቨርሊን ይመታል፣ ዴልበርት የእያንዳንዷን ባሩድ ነጭ ወረቀት ላይ ለብቻ ለብቻ ያፈሳል። ትንንሽ ጥቁር ክምሮች ወረቀቱ ላይ ተሰለፉ፤ ሁሉም እኩል። ዴልበርት ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀመረ። በመሐል አንዷ ተመትታ አረሯ ብቻ ወደቀ፤ ባሩድ የለም። ሁለቱም ተያዩ። አንዷ ተዘልላለች ማለት አንዷ ተደርባለች ማለት ነው፤ ከተተኮሱት ውስጥ ካልነበረች ደግሞ እዚሁ ናት።

ሣጥኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ተገኘች። ወረቀቱ ላይ ሲያፈሳት ክምሯ ከሌሎቹ እጥፍ ነበር፤ ሚዛን አላስፈለጋትም። ቨርሊን መዶሻውን አስቀምጦ አያት። ቀኝ እጁን ገልበጥ አድርጎ መዳፉንም አየ።

«እኔን ለመግደል ይህን ያህል ከምትለፋ» አለ፣ «ሾርባዬ ውስጥ አንድ ነገር ጣል ብታደርግ አይቀልህም ነበር?»

ዴልበርት አልሳቀም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«ቆይ እንጂ» አለ ቨርሊን። «አርዲስ አላየቻትም እንዴ?»

«አይታታለች።»

«ታዲያ?»

«ደህና ናት አለች።» ዴልበርት ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ነበር። «እኔም ከእሷ ቀጥዬ አይቻለሁ። አይቼ አለፍኳት። የሰፈርኳት እኔ ነኝ፤ በእሷ አላሳብብም።»

ቨርሊን ወደ መስኮቱ ዞረ። ፒክአፑ ውስጥ አርዲስ በሬዲዮው ዘፈን ራሷን ትነቀንቃለች። ስታየው እጇን አነሳችለት፤ እሱም አነሳላት። ለማንኛውም አላፊ መንገደኛ እንደምታነሳ ግን ከፊቷ ያስታውቃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለተኛ ዓመቷ ነው።»

«ጉንፋን ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬሃለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጉንፋን! እኔ ደግሞ እንዳይዘኝ ብዬ ቤታችሁ መምጣት ተውኩ፤ አህያ ነኝ እኮ!» ቨርሊን ድምፁ ከፍ አለ። ወዲያው አዘነ፤ ሌላ ባልዲ ገልብጦ አጠገቡ ተቀመጠ። «እንዴት ነህ አንተስ?»

እንዴት ነህ የሚባለው በየቀኑ ነው፣ ሱቅ ውስጥም መንገድ ላይም። ይህችኛዋ ግን ገባችበት።

«ደክሞኛል፣ ቨርሊን» አለ። «ደክሞኛል። እንቅልፍ የለኝም። እሷን ስጠብቅ ነው የማድረው። እና ደግሞ… ትናፍቀኛለች። እቤት እያለች ትናፍቀኛለች።»

አለቀሰ። ቨርሊን በቅባታም እጁ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና ካፖርቱን አበላሸበት። ሁለቱም እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ልምድ ስላልነበራቸው፣ ጥቂት ቆይተው ወደ ሞተሩ ማየት ጀመሩ።

«ተወው ይሄን ሥራ» አለ ቨርሊን። «ጥይቱን ከሱቅ እንገዛለን። የዛሬ ልጆች ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚያደርጉት?»

«እኔ ዛሬ ብተወው ደስታዬ ነው። እሷስ? ቀኑን ሙሉ እቃ ከዚህ ወደዚያ ስታዞር ነው የምትውለው፣ የት ነው ያለሁት እያለች። ያቺ ባትሪ እጇ ላይ ስትሆን ግን የት እንዳለች ታውቃለች። በምን አፌ ነው ከእንግዲህ አትዪ የምላት?»

ቨርሊን አገጩን አከከ፤ ጢሙም በቅባቱ ጠቆረ። «ታዲያ ፈንዲሻውን ግዛ።»

«እንዴ! እኔ?»

«አዎ፣ አንተ! ይልቅ ኩራትህን ዋጥና ግዛው።»

ፈንዲሻ የሚሉት ግራጫ፣ ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ ክብደት የሌለው ባሩድ ነው። ለእርሳስ አረር የሚሆን ለስላሳ ባሩድ ነው፤ ግን አንዷ ስፍር የቀለሁን ሆድ አጋምሳ ታልፋለች። ሁለተኛ ቢደገምባት ከአፉ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ባዶም ቢዘለል ሙሉዎቹ መሐል ጉድጓዱ ከሩቅ ይታያል። ሰው ቢረሳም ፈንዲሻ አይረሳም። በዚያው ልክ ግን ውድ ነው፤ ጣሳው ሳይከፈት የሚያልቅ ይመስላል፤ እጅ ያጠቁራል። ዴልበርት በሐሙስ ስብሰባ ላይ ስንት ዓመት ተሳልቆበታል። ባሩድ ሳይሆን ሞግዚት ነው ይል ነበር፤ የሚገዛው በራሱ እጅ የማይተማመን ሰው ነው ይል ነበር።

ከቨርሊን ወጥቶ በቀጥታ ራሞና ሱቅ ሄደ። አርዲስ እጅጌውን ይዛ ተከተለችው። ራሞና የእርሻ ዕቃ፣ የውሻ ምግብ፣ የዓሣ መንጠቆና ባሩድ በአንድ ጣሪያ ሥር የምትሸጥ፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ዴልበርትን ስታይ ወደ ጥቁሩ ባሩድ ጣሳ እጇን ዘረጋች።

«እሱን አይደለም» አለ ዴልበርት። «ያንን… ያኛውን።»

«የቱን?»

«ፈንዲሻውን።»

«ምን አልክ? ጆሮዬ ነው?» ራሞና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ሱቁ ሁሉ ጮኸች። «ሰዎች፣ ምስክር ሁኑልኝ! ዴልበርት ክራውስ ፈንዲሻ ሊገዛ ነው! ይሄን ባሩድ እዚህ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው ብሎ የተቆጣኝ እሱ አልነበረም?»

ውሻ ምግብ አጠገብ የቆሙት ሳቁ። ዴልበርት ጆሮው ቀላ። «ነበርኩ። አሁን ስጪኝ።»

«ልሰጥህ ነው፣ ግን መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው!»

ያኔ አርዲስ ከእጅጌው ጀርባ ብቅ አለችና፣ «ራሞና፣ እናትሽ ደህና ናት? ሰሞኑን አላየኋትም» አለች።

የራሞናን እናት ከቀበሩ ሰባተኛ ዓመት አልፏል፤ አበባውን የያዘችው አርዲስ ነበረች። ራሞና እጇን ከወገቧ አወረደች። አርዲስን አየች፣ ዴልበርትን አየች። ዓይኑ ሥር የጠቆረውን፣ ተዛንፎ የተቆለፈውን የሸሚዙን ቁልፍ አየች። ሰዎቹ መሳቅ ተዉ።

«ደህና ናት፣ አርዲስዬ» አለች ራሞና በዝግታ። «ሰላም በያት ብላኛለች።»

ፈንዲሻውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። ገንዘቡን ስትቀበል ስለ ባሩድ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ያ ደግሞ ከቀልዱ ይልቅ ከበደው።

ቤት እንደደረሱ ዴልበርት ጥቁሩን ጣሳ አውጥቶ አርዲስ ጽጌረዳ የምትተክልበት መደብ ላይ፣ በበረዶው ላይ በተነው፤ አሮጌ ባሩድ የሚጣለው አፈር ላይ ነው፣ ያፋፋዋል። ሁለት ባሩድ አንድ ቤት ውስጥ አያሳድርም፤ ደክሞት እንኳ ይህን አልረሳም። በነጋታው ከምሳ በኋላ መስፈሪያውን ጠርጎ፣ ለአዲሱ ባሩድ አስተካክሎ፣ ደጋግሞ መዝኖ፣ ገበታውን አወጣ። አርዲስ ሳትጠራ መጣች። ወንበሯን ሳበች።

ሲሰፍር አልቸኮለም። ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ገብቶ ወደ አፉ ቀረብ ብሎ ሲቆም ከተቀመጠበት ይታየዋል፤ ዓይን ማጉረጥረጥ አያስፈልግም። መካከል ላይ አርዲስ ውኃ ስትል ተነስቶ አመጣላት፤ ተመልሶም የት እንደደረሰ አልጠፋበትም፤ የሞላው ሞልቷል፣ ያልሞላው አልሞላም። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ትከሻው ከጆሮው የወረደው። አሁን እሷ ያሻትን ብትል ማንም እጁን አያጣም። ባትሪዋን ይዛ «ደህና» እያለች እስከፈለገች መቀመጥ ትችላለች።

ጨርሶ ገበታውን ወደ እሷ አዞረላት። ባትሪዋን አበራች። አጎነበሰች። መብራቱ የመጀመሪያው ቀለህ ላይ ቆመ፤ አላለፈም።

«ዴል» አለች።

ስሙን ከጠራችው ሳምንታት አልፈው ነበር። «አቤት?»

«ይሄ የእኛ ባሩድ አይደለም።»

 ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኖቿ ጥርት ብለዋል፣ ፖስታ ቤት የተሳሳተ አድራሻ ስታገኝ እንደምታደርገው ቅንድቧ ተሰብስቧል። የድሮዋ ናት። ራሷ ናት። ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ መጡበት።

«ለምን ቀየርከው?»

ዴልበርት ዓይኑን ወደ ገበታው መለሰ።

«በእኔ የተነሳ ነው?» አለች። ባትሪው እጇ ላይ ዝቅ አለ። «አጥፍቼ ነው አይደል? እኔ ነኝ አይደል፣ ዴል?»

ዴልበርት ለዚህች ሴት ዋሽቶ አያውቅም። ትናንት ጓደኛው ፊት እንኳ አንዲት ውሸት አልሆንለት ያለችው ሰው ነው። ይህችኛዋ ግን ሳያጠናት ከአፉ ወጣች።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ጥቁሩ ባሩድ ግርጌው ላይ አልታይ አለኝ። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

 አርዲስ ነጻ እጇን ዘርግታ ጉንጩን ያዘችው።

«አንተ ሞኝ» አለችው። «ዓይኔ ደከመ ብለህ ነው ብቻህን የምትጨነቀው? ላንተ የማየው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ዴልበርት ራሱን ነቀነቀ። እሷም እጇን ከጉንጩ አንስታ ወደ ገበታው ተመለሰች፣ ባትሪዋን አስተካክላ ያዘች፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። ዴልበርት አረሩን ሳይነካ፣ መጨረሻው መስመር ላይ እስክትደርስ አጠገቧ ተቀመጠ።